ሰው ፊት ምላሴ የሚታሰር ቦርሳ ሰፊ ነኝ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ምን ይዤ ልግባ?

ዝምተኛው ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቆዳ ቦርሳ እሰፋለሁ። ኮልፌ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፣ ሁለት ማሽን፣ ከኔ ጋር ሦስት ሰው። በሥራዬ አልታማም። አንዴ የገዛኝ ሰው ወይ ራሱ ይመለሳል ወይ እህቱን ይልካል። ችግሬ ሌላ ነው። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስገባ ምላሴ ይታሰራል።

በሚቀጥለው ወር ሚሊኒየም አዳራሽ የቆዳ ኤግዚቢሽን አለ። ቡዝ አልያዝኩም፣ አቅሜ አይደለም። እንደ ጎብኚ ነው የምገባው። ጓደኛዬ «እዛ የሚመጡት ቡቲክ ያላቸው፣ ለሆቴልና ለስብሰባ ዕቃ የሚያቀርቡ፣ ከውጭ የመጡ ገዢዎች ናቸው፤ እነሱን ካላገኘህ ዕድሜ ልክህን ለጎረቤት ስትሰፋ ትኖራለህ» አለኝ። ሐቁን ነው የነገረኝ።

አምና ሞክሬያለሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ የነጋዴዎች ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። 50 ቢዝነስ ካርድ አሳትሜ ገባሁ፣ 49ኙን ይዤ ወጣሁ። አንዷን የወሰደው አስተናጋጁ ነው፣ እሱም ጠይቆኝ። የቀረውን ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ፣ የሆነ ሰው መልእክት የላከልኝ ይመስል ስልኬን እየነካካሁ አሳለፍኩት። ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ እጄን ታጥቤያለሁ። አንዴ እንደምንም ጨክኜ ወደ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ተጠጋሁ። «አንተ» ልበል ወይስ «እርስዎ» ብዬ ሳሰላስል ሌላ ሰው መጣና አቀፈው። እነሱ ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ያቺን እጄን የት እንደምከታት አሁንም ድረስ አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እንደኔ ዝምተኛ ሆናችሁ ንግድ የምትሠሩትን ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ላዘጋጅ? እዛስ ምን ላድርግ? «በራስህ ተማመን» የሚል መልስ ግን ይቅርብኝ፣ እሱን ከእናቴም ሰምቼዋለሁ።

ነገር ቆራጭ፦

ወንድሜ፣ ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይጠባም። አንተን የያዘህ ይሉኝታ ነው፣ ሌላ በሽታ የለብህም። አሁን ኢንትሮቨርት ምናምን የሚባል ስም ስለተገኘለት ሁሉም ሰው እሱን ለብሶ ይተኛል። መርካቶ ውስጥ ዝምተኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሱቅ አይተህ ታውቃለህ? ዝም ብለህ ግባ፣ ሠላሳ ሰው ጨብጥ፣ ሃያው ይረሳሃል፣ አሥሩ ያስታውስሃል። እኔ የጀመርኩት በየቢሮው እየዞርኩ የጽሕፈት መሣሪያ በመሸጥ ነው፣ ጥበቃዎቹ ጭምር በስሜ ይጠሩኝ ነበር። አፍህን ክፈት። አለቀ።

ቀስ በሉ፦

ነገር ቆራጭ፣ ላንተ የሠራው ለሱ አይሠራም። ደግሞ ሁለት ነገር እያምታታህ ነው። ዓይን አፋር ማለት መቅረብ እየፈለገ የሚፈራ ነው። ኢንትሮቨርት የሚባለው ላይፈራም ይችላል፣ ግን ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል፣ የሚያገግመው ለብቻው ሲሆን ነው። ቃሉም የትናንት ፋሽን አይደለም፤ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እንደ ፈረንጆቹ ነው ያስፋፋው።

ጠያቂው ሁለቱም ያለብህ ይመስለኛል። ሽንት ቤት ገብተህ እጅህን የታጠብከው ደክሞህ ነው። «አንተ» ልበል «እርስዎ» ልበል ያልከው ደግሞ ፈርተህ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ለድካሙ ሰዓት ቁረጥለት። ቀኑን ሙሉ እዛ መዋል የለብህም። ሁለት ሰዓት ሠርተህ ውጣ፣ ውጭ አንድ ማኪያቶ ጠጣ፣ ከቻልክ ተመለስ፣ ካልቻልክ ቤትህ ግባ። ማንም የሚቆጣጠርህ የለም። ደግሞ በጊዜ ሂድ። የአበሻ ቀጠሮ ለኛ ዓይነቱ ሰው ጸጋ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ከተባለ ሕዝቡ የሚመጣው 4 ተኩል ላይ ነው። ስትደርስ አዳራሹ ባዶ ነው፣ ሰው ገና ካርቶን እየፈታ ነው፣ ሁሉም የሚያግዘው እጅ ይፈልጋል። ከተሰበሰበ ቡድን መሐል መግባት ነው እንጂ የሚከብደው ብቻውን የቆመ ሰው ጋ መጠጋት አይከብድም።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በፊት እንደዚሁ ቀድሜ ደርሼ አንድ ሰውዬ ከሮል አፕ ባነር ጋር ሲታገል አገኘሁት። ባነሩ በቆመ ቁጥር ተመልሶ ይጠቀለላል። «ያዝልኝማ» አለኝ። ያዝኩለት። አሥር ደቂቃ ታግለን በመጨረሻ ከሥሩ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ አስደግፈን አቆምነው። የድርጅቱ ባለቤት እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። ዛሬም ደንበኛዬ ነው። እስካሁን ስንገናኝ ወሬያችን የሚጀምረው ከባነሩ ነው።

ሌላው፣ ሠላሳ ሰው ጨብጥ የሚባለውን እርሳው። ለሦስት ሰው ሂድ። ግን እነዚያ ሦስቱ ከምታውቀው ሰፈር ውጭ ያሉ ይሁኑ። ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ቦስተን አጠገብ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት 54 ሰዎች መካከል ያንን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 ከመቶ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት የጠቆማቸውን ሰው የሚያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው፣ ግን ምክንያቱ እዚህም ይሠራል። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው ሰው ነው። ስለዚህ ከማንም ጋር ወዳጅ ሁን አይደለም የተባልከው። ከሦስት ሰው ጋር በስም ተዋወቅ፣ በቃ።

የሸማ ተራዋ፦

ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት መርካቶ ነው የሸጥኩት፣ ሸማ። ነገር ቆራጭ ዝምተኛ ሱቅ የለም ያለው መርካቶን ስለማያውቀው ነው። ከኛ ሱቅ ፊት ለፊት የነበሩት ሰውዬ በቀን አሥር ቃል አይናገሩም ነበር። ደንበኛ ሲገባ ዕቃውን አውርደው ዘርግተው ዝም ይላሉ። ዕቃው ራሱ ይናገራል። የሚጮኹት ሁሉ ሲከስሩ እሳቸው ፎቅ ሠርተዋል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። የኛ አገር ሰው ብቻውን ተነስቶ የማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ቤት ሲከራይ ደላላ ይይዛል። ሠራተኛ ሲፈልግ እንኳ ተያዥ ይጠይቃል። ንግድ ላይ ሲደርስ ምን ነክቶህ ነው ብቻህን ካልገባሁ የምትለው? አስተዋዋቂ ያዝ። ማንን ትለኛለህ? ቆዳ የምትገዛበትን ነጋዴ! እሱ ለከተማው ሰፊ ሁሉ ይሸጣል፣ ገዢውንም ሻጩንም ያውቃል፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ አይቀርም። ደግሞ አንተ ብዙ ከሸጥክ እሱም ብዙ ቆዳ ይሸጣል፣ ስለዚህ ውለታ እየለመንከው አይደለም። አሁኑኑ ሄደህ «ጋሼ፣ ከሁለት ሰው ጋር ብቻ አስተዋውቁኝ፣ አንድ የቡቲክ፣ አንድ የስብሰባ ዕቃ የሚያቀርብ» በለው። ቁጥሩን ንገረው። «ሰው አስተዋውቁኝ» ብቻ ካልከው እሺ ይልሃል፣ ይረሳዋል።

ሁለተኛ፣ የራስህን ቦርሳ አንግተህ ግባ። አዲሱን እንዳይሆን። ሁለት ሦስት ዓመት የያዝከውን፣ ጠርዙ በእጅህ ወዝ የጠቆረውን። አዲስ ቦርሳ ሁሉም ያሳያል። አንዳንዱማ ላይተር ለኩሶ ቆዳ መሆኑን ላሳይ ይላል፣ እሱ የመንገድ ትርኢት ነው፣ ገዢ አይሸነግልም። ያረጀ ቦርሳ ግን ስፌቱ ሳይተረተር፣ ማንገቻው ሳይላላ፣ ዚፑ ሳይነክስ ካየች ገዢዋ ሌላ ምን ትጠይቅሃለች? ገበሩን ገልብጠህ አሳያት። ዝምተኛ ነኝ ብለሃል፣ ጥሩ፣ ዝም ብለህ ገልብጠው።

ሦስተኛ፣ አፍህን የሚያስረው የምትለው ነገር ስለሌለህ ነው። ገዢ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በወር ስንት ታወጣለህ? ትንሹ ትዕዛዝ ስንት ነው? በስንት ቀን ታደርሳለህ? ደረሰኝ ትቆርጣለህ? አርማችንን ታትምበታለህ? ለብዙ ሲሆን ዋጋው ስንት ይወርዳል? እነዚህን ወረቀት ላይ ጻፍና ማታ ማታ ለልጆችህ ወይም ለመስታወት መልስ። በወር ስንት እንደምታወጣ አሁን ብጠይቅህ አታውቀውም፣ እወራረዳለሁ። ቁጥራቸው አፍህ ላይ ያለ ሰው ዓይን አፋር አይመስልም፣ ቁም ነገረኛ ነው የሚመስለው።

«አንተ» ወይስ «እርስዎ» ላልከው፣ ምን ያስጨንቃል፣ ሁሉንም «እርስዎ» በል። ካልፈለገ ራሱ «አንተ በለኝ» ይልሃል፣ እሱም ራሱ ወሬ ነው። በ«አንተ» ጀምሮ ወደ «እርስዎ» መመለስ ነው የሚያሳፍረው።

ሌላ ደግሞ ልንገርህና ሳቅብኝ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ምሳ ላይ «የጾሙ የቱ ጋ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ከዚህ የተሻለ መግቢያ እስካሁን አላገኘሁም። የጾም ጠረጴዛ ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይነጋገራል፣ ይሄ ቅቤ አለው ወይ፣ ያኛው ዓሣ ነው ወይ እየተባባለ። የምትጨብጠው ሰው ሳህን ይዞ ከሆነ ደግሞ እጁን እንዲያራግፍ አትጠብቀው፣ አንጓውን ይሰጥሃል፣ እሱን ያዝ፣ ሳቅ በል።

ዝምተኛው ሰፊ፦

እትዬ፣ ውርርዱን በልተዋል። በወር ስንት እንደማወጣ አላውቅም ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ የሦስት ወሩን ደብተር ቆጠርኩ። ትልቁ ቦርሳ ብቻ ከሆነ 45፣ ትንንሹ ካለበት እስከ 70 ይሄዳል። ገበሩን የምትሰፋው ልጅ የቀረች ሳምንት ሁሉ ነገር ግማሽ ይሆናል። እሱን ለገዢ እነግራለሁ ወይስ እደብቃለሁ?

ቆዳ ነጋዴውንም አናገርኩት። «ይሄን ለመጠየቅ ነው አራት ዓመት የፈጀብህ?» አለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነኝ፣ የታክስና የሒሳብ ሥራ አለኝ፣ የራሴ። በዝምታው እኔም የአንተ ዘር ነኝ።

እዚህ አገር የንግድ ስብሰባ ላይ ራስህን በ30 ሴኮንድ አስተዋውቅ ይሉሃል። ማን ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ከሌላው በምን ትለያለህ። ሸምድጄ ሄድኩ። ስናገር የሕዝብ መዝሙር የምዘምር ነበር የምመስለው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ በትከሻዬ አልፎ ሌላ ሰው ያያል። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም።

የተለወጠልኝ የአያቴ ቤት ትዝ ሲለኝ ነው። ድግስ ሲኖር እኔ ዓይን አፋር ስለነበርኩ ማስታጠቢያውን ይሰጡኝ ነበር። ጆጉንና ሳህኑን ይዤ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የእንግዳውን ሁሉ እጅ አስታጥባለሁ። አንድ ቃል ሳልናገር ሁሉም ይመርቁኛል፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቃሉ፣ ድግሱ ሲያልቅ የማያውቀኝ ሰው አይኖርም። ሥራ ስለያዝኩ እኮ ነው። የቆምኩበት ምክንያት ነበረኝ።

ስለዚህ አሁንም ማስታጠቢያ እፈልጋለሁ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ታውቁት ይሆናል፣ ከ1984 ጀምሮ የነበረ ነው፣ በጁላይ መጀመሪያ ከተማ እየለወጠ ይካሄዳል፣ ከኳሱ ጎን ሰው ምግብም ልብስም ይሸጣል። አንድ ዓመት አንዲት ወዳጄ እዛ ልብስ ስትሸጥ ሒሳብ ልያዝልሽ ብዬ ገባሁ። ሦስት ቀን ገንዘብ ስቀበል፣ ስመልስ ዋልኩ። አጠገባችን ያሉት ነጋዴዎች ዝርዝር ሊለምኑ እየመጡ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። በዚያ ዓመት ታክስ የሠራሁላቸው አምስቱ ከዚያ ረድፍ የመጡ ናቸው። የሸጥኩት ነገር የለም፣ ዝርዝር ብቻ ነው የሰጠኋቸው።

አንተም ቡዝ ከሌለህ ቡዝ ያለውን ሰው አግዘው። ቆዳ ነጋዴህ ቡዝ ከያዘ ግማሽ ቀን ቁምለት። ጎብኚ ራሱ ወዳንተ ይመጣል። የመጀመሪያውን ቃል የምትናገረው አንተ አይደለህም። ለኛ ይሄ ግማሽ መንገድ ነው።

አዘጋጆቹ የቢ ቱ ቢ፣ ማለትም ነጋዴ ከነጋዴ ጋር የሚገናኝበት፣ ምዝገባ ካላቸው ደግሞ ሳይሞላ ተመዝገብ። በቀጠሮ ነው፣ አንድ ለአንድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ገደማ። ሰዎች ከኮክቴሉ ያነሰ አድርገው ያዩታል። ለዝምተኛ ሰው ግን የተሠራለት ነው። ማን እንደሚመጣ ቀድመህ ታውቃለህ፣ ድርጅቱን ፈልገህ ታነባለህ፣ ሲያልቅ ደግሞ ደወል ይደወላል፣ እንዴት ልሰናበት ብለህ አትጨነቅም።

የገበሩን ልጅ ነገር አትደብቅ። ግን «ልጅቷ ከቀረች እንቆማለን» አይባልም። «በወር 45 በእርግጠኝነት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ» ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ከመናገር መጻፍ ይቀለናል። ያንን ተጠቀምበት። ካርድ ስትቀበል ዞር ብለህ ጀርባው ላይ ሁለት ቃል ጻፍ፣ «ቡናማ፣ ትልቅ ኪስ» ዓይነት። የዚያኑ ዕለት ማታ በቴሌግራም አጭር መልእክት ላክ፣ የቦርሳውን ፎቶ አድርገህ። «ዛሬ የጾሙ ጠረጴዛ ጋ ያገኘሁዎት ቦርሳ ሰፊ ነኝ» በል፣ ይበቃል። አፈኛው ሁሉ 40 ካርድ ሰብስቦ ጎማ አስሮ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። በዚያው ምሽት የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

ነገር ቆራጭ፦

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ሰው ሁሉ በኔ ላይ ተነሳ። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ቴሌግራም ቴሌግራም አትበሉት። የኛ ሰው መልእክት አይቶ ይተወዋል፣ ስልክ ሲደወል ግን ያነሳል። ይሄን ልጅ በጽሑፍ አትሸሽጉት።

ቀስ በሉ፦

እሱ ላይ እውነት አለው፣ ሳልወድ ነው የማምነው።

ዝምተኛው ሰፊ፦

ተመልሻለሁ። አለፈ። ረጅም ስለሆነ ታገሡኝ።

በመጀመሪያው ቀን 3 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ቀስ በሉ እንዳለው ሰው አልነበረም። የቆዳ ነጋዴዬ ቡዝ ላይ የበግና የፍየል ቆዳ በየቀለሙ ስንሰቅል ቆየን። እኔ ቆዳ እንደማውቅ ሰው ስለማወራ ነው መሰለኝ፣ የሚመጣው ጎብኚ ሁሉ እኔን ነበር የሚጠይቀኝ። የትኛው ለጓንት ይሆናል፣ የትኛው ለጫማ፣ ይሄ ለምን ይሳሳል። ይሄንን ስመልስ ላብ አላላበኝም! ስለ ራሴ ስጠየቅ እንጂ ስለ ቆዳ ስጠየቅ አልፈራም ለካ። ይሄን እስከዛሬ አላውቀውም ነበር።

ጋሼ ቃሉን ጠበቀ፣ ግን እንዳሰብኩት አይደለም። የቡቲኩ ሰውዬ ቦርሳዬን እንኳ አላየውም፣ ስልክ እያወራ ጨብጦኝ ሄደ። ሁለተኛዋ ለስብሰባ የሚታደል ፎልደርና ቦርሳ የምታቀርብ ሴትዮ ነች። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትም የኢሲኤም (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) መቀመጫ ስለሆነች ስብሰባ አይጠፋም አለችኝ፣ ችግሯ በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ማጣት ነው። ያንን ያረጀ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ራሷ ወሰደችው። ገበሩን ገለበጠችው። በጥፍሯ ስፌቱን ጎተት አደረገችው። እኔ እትዬ እንዳሉኝ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደረዘመ አልነግራችሁም። ከዛ «በሦስት ሳምንት 120 ፎልደር ታደርሳለህ?» አለች።

በቃ እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደብተሩ ትዝ አለኝና «120 አልችልም። 60 በእርግጠኝነት እችላለሁ፣ ለቀሪው ሌላ ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ» አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና ካርዴ ጀርባ ላይ «60» ብላ ጻፈች። አርማ የታተመበት ናሙና ሠርተህ ላክልኝ አለች።

ምሳ ላይ ዓርብ ስለነበር የእትዬን ጥያቄ ጠየቅኩ። ሠራ! ዚፕና መቆለፊያ ከሚያስመጣ ሰው ጋር ሽሮ ስንበላ ሩብ ሰዓት አወራን። እሱ ራሱ ከኔ የባሰ ዝምተኛ ነው፣ ሁለታችንም የምናየው ሳህናችንን ነበር፣ ግን አወራን። ዚፑን በጥቅል ለሰባት ሰፊ ተባብረን ብንገዛ ዋጋው ይወርዳል አለኝ። ይሄ ከትዕዛዙም በላይ ሊጠቅመኝ ይችላል።

7 ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪዬ አለቀ። መኪና ማቆሚያው ጋ ወጥቼ አጥር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። አልተመለስኩም። ከ20 ካርድ 6 ሰጥቻለሁ። ቢ ቱ ቢው ሞልቶ ነበር፣ ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት፣ ለሚቀጥለው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ለናሙናው ላስከፍላት ወይስ በነፃ ልስጥ? አርማውን ለማተም ቅርጽ ማሠራት አለብኝ፣ እሱ ደግሞ በነፃ አይሠራም።

የሸማ ተራዋ፦

ልጄ አኮራኸኝ። የቅርጹን አስከፍል። ትዕዛዙ ሲመጣ ከሒሳቡ ይቀነስልዎታል በላት፣ በጽሑፍ ይሁን። የቆዳውንና የእጅህን ተወው። በነፃ የተሰጠ ናሙና ጠረጴዛ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ የከፈለችበትን ግን ለአለቆቿ ታሳያለች።

ዝምተኛው ሰፊ፦

እሺ እትዬ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመከረኝ ትናንት ማታ ለፎልደሯ ሴትዮ በቴሌግራም ጻፍኩላት፣ ከፎቶ ጋር። አይታዋለች፣ ሁለት ምልክት ሆኗል። እስካሁን አልመለሰችም።

ነገር ቆራጭ፦

ደውልላት።